ለሰይጣን የተሰቀለው ሰዓት

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ወንበሩ ካልበቃ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ለወሬ ደረጃ ከወንበር ይሻላል። የምነግራችሁ ስለ እማማ ኤርሲሊያ ነው። የጄኖቫ ሴት ናቸው፤ ከወደቡ በላይ፣ ፀሐይ ለቅጽበት ብቻ ጎራ ብላ በምትወጣበት ጠባብ መንገድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ። በሰማንያ ዓመታቸው መርከብ ተሳፍረው ስለዋሉባት አንዲት ማክሰኞ ነው የማወራችሁ። ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ሰፈር የሚያህለው መርከብ ድምፁን አጥፍቶ ማልታ ወደብ ይገባል። እማማ ኤርሲሊያ ሹራባቸውን ደርበው ከካቢናቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የማር መልክ ያለው የድንጋይ ከተማ ከባሕሩ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል፤ ግንቡ፣ ጉልላቱ፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር። እሱ ነው የሚመጣው ወይስ እኛ ነን የምንሄደው ብለው ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው ባቺቻ ዕድሜውን ሙሉ የወደብ ክሬን ሲነዳ ኖሮ የሞተ ሰው ነው፤ ስንቱን መርከብ ጭኖ ሰደደ፣ ራሱ ግን አንድም ቀን አልተሳፈረም። ልጆቻቸው ለሰማንያኛ ዓመታቸው ይህን ጉዞ ስጦታ ሲያመጡላቸው፣ «የአባታችሁንም ድርሻ አይለታለሁ» ብለው አልቅሰው ነበር።

የእሳቸውን በረንዳ ከልጃቸው ከኦታቪዮ በረንዳ የሚለየው አንድ የደበዘዘ መስታወት ነው። ኦታቪዮ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋልና ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ለቆ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ የሰሙት ወገቤን አሞኛል ብላ ጄኖቫ የቀረችውን የሴት ልጃቸውን የፒዬራን ድምፅ ነው።

«መኝታ ቤቱን ጨርሻለሁ፤ ሳጥኖቹ ኮሪደር ላይ ናቸው። የጭነት መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፣ አርብ ቁልፉን ለገዢው እሰጣለሁ።»

«ጎበዝ።»

«እማዬስ?»

«ምን አውቃ! ቅዳሜ ከወደቡ ቀጥታ ኔርቪ ነው የምንወስዳት። የአረጋውያን ቤቱ ጥሩ ነው፣ ክፍሏ ባሕር ያያል። ስታየው ትወደዋለች።»

«ኦታቪዮ፣ እኔ ፊቷን ማየት አልችልም።»

«እኔስ እችላለሁ እንዴ? መርከቡ ለምን ሆነና!»

ከዚያ ፒዬራ፣ «ይሄ የእብነ በረድ ሙቀጫስ?» አለች።

«ጣይው ባክሽ፤ ማን ይሸከመዋል? እዚያ ምግብ የሚሠራላት ሰው አለ።»

እማማ ኤርሲሊያ አላለቀሱም። የሹራባቸውን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ቆለፉ። ያ ሙቀጫ የባቺቻ አያት ንብረት ነበር፤ ከአማታቸው ወደ እሳቸው የመጣ። የሦስት ሴቶች ክንድ መሐሉን አጎድጉዶታል። በየእሑዱ በመስኮቱ ካሉት ማሰሮዎች በሶብላውን ቀጥፈው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር በእንጨት ዘነዘና ሲያሹት፣ ሽታው እስከ ታችኛው በር ወርዶ ልጆቹን ከጨዋታ ይጠራቸው ነበር። ቤቱ በኦታቪዮ ስም ነው፤ ባቺቻ ሲሞት «ለኋላ እንዳትቸገሪ» ብሎ ወደ ስሙ ያዛወረው ራሱ ኦታቪዮ ነው። ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰንጥቆ እንደነበርም አይረሱትም። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ያላወቁት፣ ስጦታው ከቤት ማውጫ መሆኑን ነው።

በሩ ተንኳኳ። «እማ፣ ተዘጋጀሽ? አስጎብኚው ወደቡ ላይ እየጠበቀን ነው።»

«ተዘጋጅቻለሁ ልጄ» አሉ።

አስጎብኚውን ያገኘችው የኦታቪዮ ሚስት ሚሬላ ናት። የመርከቡ ጉብኝት በነፍስ ወከፍ ዘጠና ዩሮ ነው፤ ይሄኛው ሦስቱንም በራሱ ሚኒባስ በመቶ ሃምሳ ይዞ ይዞራል። ዌንዙ ይባላል፤ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ መሪው ላይ የቅድስት ሥዕል የለጠፈ ማልታዊ። «ጣሊያንኛዬን በልጅነቴ ከቴሌቪዥን ነው የለቀምኩት፤ አንዳንዴ ሳሙና የምሸጥላችሁ ከመሰላችሁ ይቅርታ» ብሎ ከመነሻው አሳቃቸው። ቀጥሎ ግን ጣቱን አነሳ። «አንድ ነገር። ከመርከቡ አስጎብኚ ጋር የወጣ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። እኔን የያዘ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። አስር ተኩል ሳይሞላ መግባት አለባችሁ።»

«ሰዓቱን ለኔ ተወው» አለ ኦታቪዮ ስልኩን እያሳየ። ሚሬላ ዕረፍት ላይ ነኝ ብላ የእሷን ስልክ ካቢን ውስጥ ቆልፋበት ወጥታለች፤ የእጅ ሰዓት ያሰረ ግን ከመካከላቸው የለም።

ብዙ ቀን ባሕር ላይ የከረመ ሰው መሬት ሲረግጥ መሬቱ ይወዛወዝበታል። እማማ ኤርሲሊያም በከተማው መንገድ ሲሄዱ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ በየቤቱ የተንጠለጠሉት አረንጓዴና ቀይ የእንጨት በረንዳዎች እንደ መርከብ ካቢን ያልፋሉ። ዌንዙ «ይህ ከተማዋን የቆረቆሩት ፈረሰኞች አዳራሽ ነው» ሲል፣ እሳቸው የሚያዩት የራሳቸውን ኮሪደር ነው፤ በግራ የባቺቻ ካፖርት የተሰቀለበት ሚስማር፣ በቀኝ የኦታቪዮ ቁመት በእርሳስ የተሰመረበት ግድግዳ። «ይህ የፈረሰኞቹ መሪ ማረፊያ ነው» ሲል፣ በሩ ገርበብ ብሎ መኝታ ቤታቸው ይታያቸዋል፤ አልጋው ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ፒዬራ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ላቧን ትጠርጋለች። ሊያናግሯት ሲሉ ሚሬላ ክንዳቸውን ያዘች። «እማማ፣ ደከመዎት እንዴ? ውሃ ይጠጡ።»

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወለሉ በሙሉ መቃብር ነው፤ ባለ ቀለም እብነ በረድ፣ አጽምና አክሊል የተሣለበት። እማማ ኤርሲሊያ በሙታኑ ላይ ላለመራመድ ጠርዝ ጠርዙን ሲሄዱ ዌንዙ አያቸው።

«ይራመዱበት እናቴ፣ አይፍሩ። ስለረገጧቸው አይከፋቸውም። የሚከፋቸው ሲጥሏቸው ነው።»

ቀና ብለው አዩት። ሰውየው ምንም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ደግ ሰው ነው። ኦታቪዮ ከአንድ ዓምድ ሥር ቆሞ ያወራል፤ «ቁም ሳጥኑ በበሩ ካልወጣ ይፈለጥ» ሲል ሰሙት፣ እሱ ግን እንደሚሰማ አልመሰለውም።

ለምሳ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ሄዱ። ጀልባዎቹ ሰማያዊና ቢጫ ተቀብተው፣ በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ዓይን ተሥሎላቸዋል፤ ክፉውን አይተው እንዲሸሹ ነው ይላሉ። ውሃው ከፍ ዝቅ ሲያደርጋቸው ዓይኖቹ ይከደናሉ፣ ይገለጣሉ። እማማ ኤርሲሊያ ብዙ አዩአቸው፣ እነሱም አዩአቸው። ዓሣው በኪሎ ሠላሳ ሁለት ዩሮ ነው። ሚሬላ «በዚህ ዋጋ ዓሣው መዝፈንም አለበት» አለች፣ ተሳሳቁ። ስለ ቲማቲሙ ጣዕም፣ ስለ ካቢኑ አየር ማቀዝቀዣ፣ ጀርመኖቹ መዋኛው ዳር ገና ሳይነጋ ፎጣ ጥለው ቦታ ስለመያዛቸው ተወራ። ከዚያ እማማ ኤርሲሊያ ዳቦአቸውን እየቆረሱ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉ፦

«ኦታቪዮ፣ ስንመለስ የበሶብላዎቼን ማሰሮ እቀይራለሁ። ጠቧቸዋል። ታወጣልኛለህ አይደል አፈሩን፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ?»

ሚሬላ ሹካዋን አስቀመጠች። ከጠረጴዛው ሥር የባሏን እግር ነካ ስታደርግ እማማ ኤርሲሊያ በጠረጴዛው መንቀጥቀጥ አወቁ። ኦታቪዮ የዓሣውን አጥንት አንድ በአንድ እየለቀመ ከሳህኑ ጠርዝ ደረደረ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ሲዋሽ ግን የጆሮው ጫፍ የሚቀላው ልክ እንደ ልጅነቱ ነው።

«እሺ እማ» አለ። «አወጣልሻለሁ።»

ጆሮው ቀላ። ወዲያው ስልኩ ጠራና ተነስቶ ሄደ። ጀልባዎቹ መሐል ቆሞ ረጅም አወራ፤ ሲመለስ «ባትሪዬ ሞተ» እያለ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

የመጨረሻው ጉብኝት ከኮረብታ ላይ ያለ መንደር ነበር። የደብሩ ንግሥ ነው፤ መንገዱ በቀይ ጨርቅ ተሸልሟል፣ ርችት በጠራራ ፀሐይ ይፈነዳል፣ ከየበረንዳው የተቆራረጠ ወረቀት እንደ በረዶ ይዘንባል። ሚሬላ የማር ቀለበት ኬክ ልትገዛ ኦታቪዮን ይዛ ወደ ድንኳኖቹ ሄደች። ዌንዙ ከእማማ ኤርሲሊያ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ቆመ። ሁለት ግንብ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ሰዓት ተሰቅሏል።

«አይገጥሙም» አሉ እማማ ኤርሲሊያ።

«ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት!» አለ ደስ ብሎት። «የቀኙ የእኛ ነው፤ ለጸሎት፣ ለሥራ፣ ለምሳ። የግራው የሰይጣን ነው። ሰይጣን ነፍስ ሊሰርቅ ሲመጣ ሰዓቱን አይቶ ነው የሚመጣው ይላሉ አያቶቻችን፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርገው ሰቀሉለት። ሲመጣ ሟቹ ኃጢአቱ ተፈትቶለት፣ ቅባ ቅዱስ ተቀብቶ፣ በሰላም ሄዷል።»

«አይነቃም?»

«ችኩል ነው እናቴ። ችኩል ቀና ብሎ የሚያየው የቀረበውን ነው።» ፖሊስ መንገዱን ሊዘጋ መጥቶ ፉጨቱን ነፋ። «መኪናዬን ላነሳ ነው። ለልጅዎ ነግሬዋለሁ፤ አስር ሰዓት፣ ከታች፣ ከወይራው ሥር። በቀኙ ሰዓት ግን! አደራውን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።» ሳቀና ሄደ።

ኦታቪዮና ሚሬላ ከጓሮው በኩል፣ ጥላ ካለበት መጡ፤ እዚያ በግራው ግንብ ሥር ትንሽ ቡና ቤት አለች። እማማ ኤርሲሊያም ወደዚያው ተሻገሩ። ከመሻገራቸው በፊት የቀኙን አይተውት ነበር፤ አስር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ኦታቪዮ እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ከዚያ የሚታየው የግራው ሰዓት ብቻ ነው።

«ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው! አንድ ሰዓት ሙሉ አለን።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ሚሬላ። «ፀሐዩ ዘቅዘቅ አላለም?»

«ቤተ ክርስቲያን ይዋሻል እንዴ አንቺ?»

የእማማ ኤርሲሊያ አፍ ተከፈተ። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ የግራው አይደለም፣ የቀኙ ነው፣ ሩጡ። ቢናገሩ ወደ መርከቡ ይገባሉ፤ ረቡዕ ባሕር፣ ሐሙስ ባሕር፣ አርብ ባሕር፤ ቤታቸው በሌሉበት በደረጃው ይወርዳል፣ ሙቀጫው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ፣ «የሎሚ በረዶ ግዛልኝ» አሉ።

ልጆቼ፣ ያቺን አንድ ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሕይወታቸው ሁሉ ከጣፈጡት አንዷ ነበረች ይላሉ እሳቸው። ማርሽ ባንዱ ከሩቅ ይመጣል፣ ጥግ ዞሮ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ወረቀቱ በኦታቪዮ ራስ ላይ፣ በሚሬላ ጭን ላይ፣ በበረዶው ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። የግራው ሰዓት ከላያቸው ቀጭ ቀጭ እያለ ያልነበረውን ጊዜ ያድላቸዋል። ኦታቪዮ ወንበሩን አስጠጋና አባቱ ክሬኑ ላይ ሰቅሎት ወደቡን ያሳየውን ቀን አወራ፤ «ጄኖቫ ሙሉ የኔ መስላኝ ነበር» አለ። ከዚያ እጁን በእናቱ እጅ ላይ ጫነ።

«እማ።»

«ወዬ።»

ብርጭቆውን አየ። ባንዱን አየ። «ምንም» አለ። «ሙቀቱ ነው።»

እጁ ከብዶ እጃቸው ላይ ቆየ። እማማ ኤርሲሊያም ሊነግሩት ሁለት ጊዜ ቃጣቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ ይቅደመኝ እስቲ፣ የቀደመኝ እንደሆነ እነግረዋለሁ አሉ በልባቸው። አልቀደመም።

ዌንዙ በላብ ታጥቦ ሕዝቡን እየገፋ ሲመጣ ባንዱ ገና ይነፋል። «ኧረ እናንተ ሰዎች! በፊት ለፊት ስፈልግ፣ ስልክ ስደውል! መርከቡ ሊነሳ ነው!»

«ምን አስቸኮለህ? ገና ነው» አለ ኦታቪዮ፣ ወደ ላይ እየጠቆመ።

ዌንዙ የጠቆመበትን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እማማ ኤርሲሊያ ዞረ። እሳቸው የብርጭቆውን ቂጥ በማንኪያ ይጭራሉ። ሰውየው ሊናገር አፉን ከፈተና ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አይቶ ተወው። «መኪናው ታች ነው» አለ ብቻ።

መንገዱ በንግሡ ተዘግቷል፤ ዞረው፣ ዞረው፣ ወደቡ ሲደርሱ መርከቡ የወደቡን መከላከያ ግንብ አልፎ ወጥቷል። ድምፅ የለውም፤ ጠዋት እንደመጣ ነው የሚሄደው፣ ሰፈር የሚያህል ነጭ ነገር፣ መስኮቶቹ በምሽት ፀሐይ ወርቅ ሆነው። ከመስኮቶቹ ሁለቱ የእነሱ ናቸው።

«ልብሴ!» አለች ሚሬላ። «የደም ግፊት መድኃኒቴ! ስልኬ!»

ኦታቪዮ እስከ ውሃው ጫፍ ሮጦ ቆመ። «ዕቃችን! ዕቃችን በሙሉ እኮ ሄደ! እንዴት እንዲህ ይደረጋል? ሰው ሳይጠይቁ…»

እማማ ኤርሲሊያ የመርከብ ገመድ ከሚታሰርበት ብረት ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አየህ ልጄ» አሉት። «ሰው እያለ ዕቃው ሲሄድ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን ከሩቅ ያነበቡት መሰላቸው።

«ሙቀጫዬን ግን ባትጥሉት ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

ሚሬላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ኦታቪዮ መጥቶ ከእናቱ እግር ሥር፣ ዘይት በጠጣው ድንጋይ ላይ፣ ሱሪዬን ሳይል ተቀመጠ። ጆሮው ሳይሆን ፊቱ ሁሉ ቀልቶ ነበር።

«ሰማሽን?»

«ያ መስታወት ቀጭን ነው።»

«ልነግርሽ ነበር እማ። እዚያ ቡና ቤት… ፈራሁ። እንደወደቅሽ ሳገኝሽ ደረጃው ላይ… ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

«አውቃለሁ። ደረጃው አሸንፎኛል፣ እኔም አውቃለሁ። ብትጠይቁኝ ምናልባት ጮኼ፣ ምናልባት ሳምንት ተኮራርፌ፣ እሺ እል ነበር። ኔርቪም ባሕር ካየ ክፉ አይደለም።» ፀጉሩ ላይ የቀረውን ወረቀት ለቀሙለት። «በሬን ግን ራሴ ልዝጋ። ነገ በአውሮፕላን ትወስደኛለህ። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ዌንዙን ጠሩት። ሰውየው መቶ ሃምሳውን ዩሮ ከኪሱ አውጥቶ ሊመልስ ቆሞ ነበር።

«አስገባው። አንተ ነግረኸኛል፤ አደራህን የበላሁት እኔ ነኝ። ልጄ የተሳሳተ ሰዓት ሲያይ ዝም አልኩ።»

ዌንዙ ራሱን አከከ። «እናቴ፣ ያ ሰዓት ከተሰቀለ ጀምሮ ሰይጣንን እንጂ ሰው ይዞ አያውቅም ነበር።» ኦታቪዮ ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ከሳቁ መሐል ግን አለቀሰ።

በዌንዙ ስልክ ፒዬራ ጋ ተደወለ። «ሳጥኖቹን ፍቻቸው» አላት ኦታቪዮ።

«የትኞቹን?»

እናቱን አየ። «ሁሉንም። እማዬ ራሷ ታስራቸዋለች።» ከወዲያ የፒዬራ ትንፋሽ፣ ከተራራ እንደወረደ ሰው፣ «ተመስገን» አለ።

ሐሙስ ጠዋት በጄኖቫ የሆነውን ልንገራችሁና ልጨርስ። እማማ ኤርሲሊያ የጭነት ሠራተኞቹን ደጅ አቁመው ልጆቻቸውን በቤቱ ውስጥ አስጎበኙ፤ ልክ እንደ ዌንዙ ጣታቸውን አንስተው። ይህ የአባታችሁ ካፖርት ሚስማር ነው። እዚህ ፒዬራ ተወለደች፣ በረዶ እየጣለ። ይህ መስመር ኦታቪዮ ነው፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በጣቶቹ ቆሞ ያጭበረበረው። በሶብላዎቹን ለጎረቤት አወረሱ፤ አንዷን ማሰሮ አስቀሩ። ሙቀጫውን ኦታቪዮ አቅፎ፣ በየፎቁ እያረፈ፣ በደረጃው አወረደው፤ ዛሬም ኔርቪ፣ ባሕር በሚያየው መስኮት ላይ ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ሁሉም ወጡ። እማማ ኤርሲሊያ በሩን ሳቡ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞሩ፣ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ትንሽ አቆዩት። በማግስቱ፣ አርብ፣ ቁልፉን በራሳቸው እጅ ለገዢው ሰጡ።

በሉ፣ መሸባችሁ፤ ተነሱ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አንድ ቀን የአረጋዊ ሰው ቁልፍ በእጃችሁ ይገባ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እኚህን ሴት፣ መዳፋቸው በሩ ላይ እንዳለ፣ አስታውሱልኝ።